ኤይቲ ዋን ላይ የሰማሁት ባንጆ

ትራክ መንዳት ያስተማረኝ ጋሼ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሬዲዮው ካንትሪ በሚባለው የአሜሪካ ባላገር ሙዚቃ ላይ ነው፤ የአማርኛ ዘፈን አይከፈትም። «የአገር ቤት ዘፈን ሌሊት ያስተክዝሃል። ስትተክዝ ደግሞ እንቅልፍ ይጥልሃል» ይለኝ ነበር። «የእነዚህ ግን ታሪክ ነው። መጨረሻውን ሳትሰማ አትተኛም።»

ለካንትሪ እንግዳ አልነበርኩም። አባቴ ኬኒ ሮጀርስን እየሰማ ነው ያሳደገን። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቴፑ ሲከፈት ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። እንግሊዝኛው ባይገባንም ሰውየው የሆነ ነገር እንደጠፋበት ይገባን ነበር።

ያን ሌሊት ግን ሌላ ነገር መጣ። የቨርጂኒያዋን ከተማ ሮአኖክን አልፈን ወደ ደቡብ እየወረድን ነው። ጭጋግ ነበር። ከሬዲዮው የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ወጣ፤ ፈጣን፣ ደረቅ፣ የማያቋርጥ።

«ጋሼ፣ ይሄ ክራር ነው እንዴ?» አልኩት።

«ባንጆ ነው። የነሱ ክራር በለው» አለኝና ወደ መኝታው ዞረ።

ይኸው ዓመታት አለፉ፣ «የነሱ» የምትለዋ ቃል ግን ከአእምሮዬ አልወጣችም። የነማን? ጋሼ ያሰበው ግልጽ ነው። እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነበር፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ነጭ ገበሬ። አብዛኛው አሜሪካዊም ቢሆን የሚያስበው ይህንኑ ነው። ዛሬ የምጽፈው ያቺ ቃል የት የት እንደወሰደችኝ ነው። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመንገዱ ልጀምር። ኢንተርስቴት 81፣ እኛ ሾፌሮቹ ኤይቲ ዋን የምንለው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሼናንዶዋን ሸለቆ ተከትሎ ነው የሚወርደው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚሁ ሸለቆ ከፊላደልፊያ ወደ ደቡብ የሚሄድ ታላቅ የሠረገላ መንገድ ነበር። ከሰሜን አየርላንድ፣ ከአልስተር፣ ብዙ ሰው በዚያ መንገድ ወረደ። አያቶቻቸው ስኮትላንዳውያን ነበሩ። የመሬት ኪራይ አስመርሯቸው ባሕር የተሻገሩ ድሆች ናቸው። ጥሩው መሬት ስለተያዘ ወደ አፓላቺያ ተራሮች ወጡ። እኔ ሃያ ቶን ጭኜ በስድስት ሰዓት የምጨርሰውን መንገድ እነሱ በሳምንታት ነው የሄዱት።

ይዘው የመጡት ፊድል ነበር። ፊድል የሚሉት ቫዮሊኑን ነው፤ መሣሪያው አንድ ነው፣ የሚለየው አጨዋወቱ ነው። ከፊድሉ ጋር ረጃጅም የግጥም ታሪኮች መጡ። ስለተከዳች ሴት፣ ወንዝ ዳር ስለተገደለች ልጅ፣ ስለማይመለስ መርከበኛ። አንዲት እናት እየፈተለች ሃያውንም ቤት ያለ ምንም መሣሪያ በቃሏ ትወርደዋለች። ጋሼ «ታሪክ ነው» ያለው ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

ከ1916 እስከ 1918 ሴሲል ሻርፕ የሚባል እንግሊዛዊ የዘፈን ሰብሳቢ ከረዳቱ ከሞድ ካርፐልስ ጋር እነዚህን ተራሮች ዞረ። አስም እያስቸገረው፣ በእግሩ፣ ከቤት ቤት። ከ1,500 በላይ ዜማ በኖታ ጻፈ። ከነዚያ ዜማዎች ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ ብቻ የተሠሩ መሆናቸውን አስተዋለ።

ይህን ሳነብ ብድግ ነው ያልኩት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ፋ የለም፣ ሲ የለም። ይህ እኮ የእኛው ትዝታ ሜጀር ነው! ክራር የነካ ሰው ሁሉ ጣቱ ያውቀዋል። ዝምድና አለን ማለቴ አይደለም። አምስት ድምፅ በዓለም ላይ ብዙ ሕዝብ ዘንድ አለ። ግን አባቴ ቃሉን ሳይረዳ ለምን ዓይኑ እንባ እንደሚያቅር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ መሰለኝ። የሚወዳቸው ዘፈኖች ጆሮው አስቀድሞ ከሚያውቀው ቤት አጠገብ የተሠሩ ነበሩ።

ሻርፕን አከብረዋለሁ። ግን አንድ ነገሩ ያሳዝነኛል። የሚፈልገው የእንግሊዝን የጥንት ዘፈን ነበር፤ የሚፈልገውንም አገኘ። በነዚያው ተራሮች የሚኖሩትን ጥቁሮች ግን አለፋቸው ማለት ይቻላል። ባንጆውንም እንዲሁ።

ወደ ባንጆው ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

በምዕራብ አፍሪካ፣ በጋምቢያና በደቡብ ሴኔጋል፣ ጆላ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። አኮንቲንግ የሚባል መሣሪያ አላቸው። ግማሽ ቅል ላይ ቆዳ ይወጠራል። ረጅም እንጨት አንገት ይሆነዋል። ሦስት ጅማት አለው፤ አንደኛው አጭር ነው፣ እሱን የሚመታው አውራ ጣት ነው። ተጫዋቹ በጥፍሩ ወደ ታች ይመታል፣ ወዲያው አውራ ጣቱ አጭሯን ጅማት ይነካል። በቪዲዮ አይቼ ደግሜ ደጋግሜ አጫወትኩት። የአፓላቺያ ሽማግሌዎች ባንጆ ሲመቱ እጃቸው የሚሄደው ልክ እንደዚያ ነው። ዳንኤል ጃታ የሚባል የጋምቢያ ተወላጅ የራሱ ሕዝብ የሆነውን ይህን መሣሪያ ሲያጠና ነው ብዙ የባንጆ ሰዎች ዓይናቸው የተገለጠው። የእኛም መሰንቆና ክራር ላይ ቆዳ ይወጠራል፤ እኔም መጀመሪያ ዘመዱ የኛ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አይደለም። የባንጆ ዘመዶች በምዕራብ ናቸው፣ መርከቦቹ በተነሱበት ዳርቻ።

በባርነት የተጫነ ሰው መሣሪያ ይዞ አይወጣም። እጁንና ጭንቅላቱን ይዞ ግን ይወጣል። ቅል በደረሰበት አለ፣ ቆዳም አለ። ሃንስ ስሎን የሚባል ሐኪም በ1680ዎቹ መጨረሻ ጃማይካ ሄዶ አፍሪካውያን ከቅል የሠሩትን ባለ ጅማት መሣሪያ አይቷል፣ ሥዕሉንም በ1707 ለንደን ውስጥ አሳትሟል። ቶማስ ጀፈርሰን በ1780ዎቹ ስለ ቨርጂኒያ በጻፈው መጽሐፍ ይህ መሣሪያ የጥቁሮች እንደሆነና ከአፍሪካ እንዳመጡት መዝግቧል። እሱ ራሱ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሰው ነው፤ ድምፁን ከግቢው ይሰማው ነበር ብዬ አስባለሁ።

እስከ 1830ዎቹ ድረስ ባንጆ መምታት የጥቁሮች ሙያ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ጆል ስዊኒ የሚባል የቨርጂኒያ ነጭ ተማረውና መድረክ ላይ ወጣበት። በ1843 ኒውዮርክ ውስጥ አራት ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፣ በጥቁሮች እየቀለዱ ባንጆና ፊድል ተጫወቱ። አዳራሹ ሞላ። ይህ ዓይነቱ ትርኢት ለአሥርት ዓመታት የአሜሪካ ዋና መዝናኛ ሆነ። ባንጆው በትርኢቱ አገር ለአገር ዞረ፣ ከስድቡ ጋር። ኋላ ብዙ ጥቁሮች ከባንጆ እጃቸውን ያነሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የአያትህ መሣሪያ መሳለቂያህ ሲሆን ልጅህ እንዲይዘው አትፈልግም።

ፊድሉንም ቢሆን ነጭ ብቻ አልተጫወተውም። በቨርጂኒያ የጌቶች ጭፈራ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወተው ብዙ ጊዜ በባርነት የተያዘ ሰው ነበር። የዚያን ጊዜ ጋዜጦች ላይ ከጌታው ስለሸሸ ሰው ማስታወቂያ ሲወጣ ቁመቱ፣ ጠባሳው፣ ልብሱ ይጻፋል። አንዳንዱ ላይ «ፊድል ይጫወታል» የሚልም አለ። እንዲያዝ መለያው ሙያው ነበር።

እኛ አዝማሪ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ያለ አዝማሪ ሠርጉ አይደምቅም፤ ግን «አዝማሪ» ብሎ መስደብም የኛው ነው። ዘፈኑን ከጭንቅላት ላይ አስቀምጦ ዘፋኙን በር ላይ ማስቀመጥ። አያቴ ጭምር ትለው ነበር፣ ነፍሷን ይማር። ስለዚህ ይህን ታሪክ ስጽፍ ከሩቅ ሆኜ ሌላ ሕዝብ ላይ ለመፍረድ አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱ መሣሪያዎች ተገናኙ፤ የአልስተሩ ፊድልና የሴኔጋምቢያው ባንጆ። የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ፣ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ፣ ትምባሆ ማሳ ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ድሃ ጎን ለጎን ሠራ። መብላት አብረው አይበሉም፣ ዘፈን ግን ይዋሳሉ። በ1800ዎቹ መጨረሻ ላይ የትኛው ዜማ የማን እንደሆነ መለየት የሚቻል አልነበረም።

የለየው ንግድ ነው።

በ1920 ማሚ ስሚዝ የምትባል ጥቁር ዘፋኝ ያስቀረጸችው ብሉዝ እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ። በ1923 አትላንታ ውስጥ ጆን ካርሰን የሚባል ነጭ ፊድለኛ ተቀረጸ። የቀረጸው ራልፍ ፒር አዘፋፈኑን ጨርሶ አልወደደውም፤ ሸክላው ግን ወዲያው አለቀ። ኩባንያዎቹ ገበያ አገኙና መደርደሪያውን ለሁለት ከፈሉት። አንዱ «የዘር ሸክላ» ተባለ፣ ለጥቁሮች። ሌላው «ሂልቢሊ» ተባለ፣ ለነጭ ባላገሮች። ሂልቢሊም ስድብ ነው፤ ያልሠለጠነ የተራራ ሰው እንደማለት። ሁለቱም ወገን በንቀት ስም ነው የተሸጠው። ጥቁር ፊድለኛ ሲመጣ «ብሉዝ የለህም?» ይባላል። በዚህ ምክንያት ብዙ የጥቁሮች የፊድልና የባንጆ ቡድኖች ሳይቀረጹ ቀሩ። ሳይቀረጹ ሲቀሩ ደግሞ እንዳልነበሩ ተቆጠረ። «የነሱ» የምትለዋ ቃል የተወለደችው እዚህ ይመስለኛል፤ ሱቅ ውስጥ።

አንድ ጊዜ ብሪስቶል አጠገብ ትራኬ ተበላሽቶ መለዋወጫው እስኪመጣ ሁለት ቀን ቆየሁ። ብሪስቶል እንግዳ ከተማ ናት። ዋናው መንገዷ ስቴት ስትሪት ይባላል፤ በመሃሉ የሁለት ግዛት ድንበር ያልፋል። አንድ እግሬን ቨርጂኒያ፣ አንዱን ቴነሲ አድርጌ ቆምኩ። ራልፍ ፒር እዚህ መንገድ ላይ፣ በቀድሞ የባርኔጣ ሥራ ቤት ፎቅ ላይ፣ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 5 ቀን 1927 መሣሪያውን ተከለ። 19 ቡድኖች መጡ፣ 76 ቅጂ ተቀረጸ። ለአንድ ዘፈን 50 ዶላር ይከፍል ነበር። ለተራራ ገበሬ ይህ ብዙ ገንዘብ ነው።

ከመጡት መካከል የካርተር ቤተሰብ ይገኙበታል። ኤ ፒ ካርተር፣ ሚስቱ ሳራ፣ የወንድሙ ሚስት ሜይቤል። ሜይቤል 18 ዓመቷ ነው፣ እርጉዝ ነች። በተዋሱት መኪና አቧራውን ጠጥተው መጡ። በዚያው ሳምንት ጂሚ ሮጀርስ የሚባል የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ተቀረጸ፤ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት በ1933 በ35 ዓመቱ ነው የሞተው። በኋላ የካንትሪ አባትና እናት የተባሉት እነዚህ ናቸው። የዚህ ታሪክ ሙዚየምም እዚያው ከተማ ውስጥ ከ2014 ጀምሮ አለ። ግማሽ ቀን ውስጡ ዋልኩ።

ከዚያ ስመለስ ስለ ካርተሮች ማንበብ ያዝኩ። ሌስሊ ሪድልን ያገኘሁትም ያኔ ነው።

ሪድል ጥቁር ነው፣ በ1905 ሰሜን ካሮላይና ተወለደ። ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲሠራ አደጋ ደርሶበት አንድ እግሩን አጣ። ቀኝ እጁም ላይ ሁለት ጣት ጎድሎት ነበር። ከአልጋ ሲነሳ ጊታር ላይ በረታ፤ በቀረለት ጣት የራሱን አመታት ፈጠረ። በ1928 ገደማ ኪንግስፖርት፣ ቴነሲ ውስጥ ኤ ፒ ካርተር አገኘው። ካርተር ለሸክላ የሚሆኑ አዳዲስ ዘፈኖች ይፈልጋል። በየተራራው መንደር፣ በጥቁሮች ቤትና ቤተ ክርስቲያን ጭምር፣ አብረው ዞሩ። ካርተር ቃሉን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ዜማ ግን አይዝም። ዜማውን የሚይዘው ሪድል ነው። ቴፑ እሱ ነበር። ማታ ተመልሶ ለሳራና ለሜይቤል ያስጠናቸዋል። ሜይቤልም አንዳንድ የጣት አመታት ከእሱ ተምራለች፣ ይህንንም ራሷ አልደበቀችም።

ካርተሮች ሸክላ አወጡ፣ ስማቸው ገነነ። የሪድል ስም ሸክላው ላይ የለም። በ1942 ወደ ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ ሄደ፤ ቆይቶም ጊታሩን ሸጠ።

ከእሱ ሌላ ስንት አለ! ብሉግራስ የሚባለውን ፈጣን የካንትሪ ዓይነት የፈጠረው ቢል ሞንሮ የኬንታኪ ልጅ ነው፣ በ1911 ሮዚን በምትባል መንደር የተወለደ። ገና በልጅነቱ ወላጆቹን አጣ። ፊድል የሚጫወት አጎቱ አሳደገው፤ ያን ሁሉም ያውቃል። ግን አርኖልድ ሹልትስ የሚባል ጥቁር ጊታርና ፊድል ተጫዋችም ነበረው፤ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ። ልጁ ሞንሮ ጊታር ይዞ ጭፈራ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ያጅበው ነበር። ሞንሮ እስኪያረጅ ድረስ ስሙን ያነሳ ነበር። ሹልትስ በ1931 ሞተ፣ በ45 ዓመቱ። ድምፁ አንድም ሸክላ ላይ የለም። ዝነኛውን የካንትሪ ዘፋኝ ሃንክ ዊሊያምስን ጊታር ያስተማረው ሩፈስ ፔይንም እንዲሁ ሳይቀረጽ በ1939 አለፈ።

ዲፎርድ ቤይሊ ቢያንስ ተቀርጿል። በልጅነቱ ፖሊዮ ያደከመው አጭር ሰው ነው፣ ሃርሞኒካ ይነፋል። በሃርሞኒካው ባቡር ይነዳል ማለት ይቀላል፤ ፉጨቱ፣ ሐዲዱ፣ ድልድዩ ሁሉ አለ። በታህሳስ 1927 የናሽቪሉ የሬዲዮ ዝግጅት ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚለውን ስሙን ባገኘበት ምሽት ሲጫወት የነበረው እሱ ነው። በ1941 ከሥራ ተባረረ። ከዚያ ናሽቪል ውስጥ ጫማ ሲጠርግ ኖረ። በ1982 ሞተ። የካንትሪ የክብር አዳራሽ ያስገባው በ2005 ነው።

ሰዎች ብሉግራስ ጥንታዊ ይመስላቸዋል። ለእኔም መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከእናቴ ብዙም አይበልጥም። ሞንሮ የባንዱን ስም ከግዛቱ ቅጽል ስም ወስዶ ብሉ ግራስ ቦይስ አለው፤ ሙዚቃውም በባንዱ ስም ተጠራ። በታህሳስ 1945 ኧርል ስክራግስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ባንጆ ይዞ ገባበት። በጥፍሩ ወደ ታች አይመታም፤ በሦስት ጣቱ ይለቅመዋል። ያ ቆርቆሮ ላይ ያለው ዝናብ እሱ ነው። ማንዶሊኑ ምቱን ይቆርጣል፣ ፊድሉ ያለቅሳል፣ ሞንሮ በቀጭኑ ይጮኻል። በሬዲዮ የሰሙት ሰዎች እንዲህ ያለ ፍጥነት ከዚህ በፊት አልሰሙም ነበር።

ደግሞ ማን ነው በብዛት የሰማው? አገሩን የለቀቀ ሰው። በጦርነቱ ጊዜና ከዚያ በኋላ የተራራው ሰው ለሥራ ወደ ዲትሮይት፣ ባልቲሞር፣ ዋሽንግተን ጎረፈ። እኔ በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ ተከራይቶ ኖረ። ዋሽንግተን የብሉግራስ ከተማ ሆና ነበር፤ ካንትሪ ጀንትልመን የሚባለው ባንድ በ1957 እዚህ ነው የተነሳው፣ ሰልደም ሲንም በ1971። ዛሬ እኛ እንጀራና በርበሬ በምንገዛባቸው ሰፈሮች ያኔ የሚሰማው የተራራ ቤትን የሚናፍቅ ዘፈን ነበር። የሚጠብቁ እናት፣ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ፣ የቀረ መቃብር። ይህን ካወቅሁ በኋላ የጋሼ ሕግ ላይ ትንሽ ጥያቄ አለኝ። የነሱም ዘፈን ያስተክዛል። ያላስተከዘን ቃሉ ስላልገባን ነው።

ሰንሰለቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተበጠሰም። በ2005 ቡን፣ ሰሜን ካሮላይና ላይ የጥቁሮች ባንጆ ስብሰባ ተደረገ። እዚያ የተገናኙ ወጣቶች፣ ሪያነን ጊደንስ አንዷ ነች፣ ከዚያ በኋላ ሜበን ወደሚኖር ጆ ቶምፕሰን የሚባል የ86 ዓመት ጥቁር ፊድለኛ ቤት እየተመላለሱ ተማሩ። ከመጽሐፍ አይደለም፤ ጉልበቱ ሥር ተቀምጠው፣ ተማሪ ከመሪጌታ እንደሚቀጽል። ቶምፕሰን በ2012 አረፈ። ያወቀውን አስረክቦ ነው የሄደው።

ሪድልንም አገኙት። በ1965 ማይክ ሲገር የሚባል ሙዚቀኛ ከሜይቤል ስለ እሱ ሰምቶ ሮቸስተር ድረስ ሄደ። ሰውየው ጊታር ከያዘ ዓመታት አልፈውት ነበር። እንደገና አስያዘው፣ ቀረጸው። ቅጂው በ1993 ወጣ፣ ሪድል ከሞተ በኋላ።

ጋሼ ጡረታ ወጥቷል። አሌክሳንድሪያ ነው ያለው፣ ጉልበቱን ያመዋል። ባለፈው ወር ቡና ልጠጣ ሄጄ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስልኬን አውጥቼ የሪድልን አንድ መንፈሳዊ ዘፈን ከፈትኩለት። ያረጀ ድምፅ ነው፣ አይቸኩልም። ጊታሩ ውስጥ የጎደለ ጣት መኖሩ አይታወቅም።

ሲያልቅ ጋሼ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰ።

«ይኸ ነው ያስተማራቸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እስቲ ድገመው» አለኝ፣ «ቃሉን ደግሞ እየተረጎምክ።»